ቀስቷ ቀዝቃዛ ነው የምትለው

አባቴ መደፈን የሌለባትን አንዲት ቀዳዳ ደፈነ፤ መኪናችንም ዳገቱ ወገብ ላይ እንደ ድስት ፈላች። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ግን እኔ ጋ ለመድረስ ብዙ ዓመት ፈጅቷል፤ ምክንያቱም ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ያየሁትም ሌላ ታሪክ ነበር። እኔ ባየሁት ታሪክ አባቴ ሞተሩን ያበላሸው ሆን ብሎ፣ እናቴ ጥላን እንዳትሄድ ነው። እኔም በሙሉ ልቤ ከጎኑ ነበርኩ።

መኪናዋን አክስቴ “አሮጊቷ” ትላታለች። ቀለሟ አንድ ጊዜ ሰማያዊ ነበር ይባላል። የኋላ ወንበሯ ተቀዶ ስፖንጁ ይታይ ስለነበር በጣቴ እየቆፈርኩ ከውስጡ ቢጫ ፍርፋሪ አወጣ ነበር፤ ያ ጉድጓድ የኔ ንብረት ነው። የእናቴ በር ደግሞ በዋዛ አይዘጋም። ትንሽ ወደ ላይ ማንሳት፣ ከዚያ በጉልበት መግፋት ያስፈልጋል። አባቴ ሁልጊዜ ከመሪው ወርዶ፣ በመኪናዋ አፍንጫ ዞሮ መጥቶ ይዘጋላታል። ጎረቤቶች ፍቅር ይመስላቸው ነበር። ማጠፊያው ነው።

አባቴ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። እንግድነት ሄዶ እንኳ የሆነ ቦታ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ከሰማ ጨዋታ አይገባውም፤ ሰው እያወራው አይኑ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ይሄዳል። “የቧንቧ ጫፍ ክፍት ትቶ የሚሄድ ሰው ቤቱን ለጎርፍ ያከራየ ነው” ይላል። ይህን አባባል ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ሞተር ያቃጥላል።

እናቴ ክሊኒክ ውስጥ ረዳት ነርስ ነበረች። አዋላጅ መሆን ትፈልግ ነበር። የአዋላጆች ትምህርት ቤት ያለው ከዳገቱ ማዶ በትልቁ ከተማ ነው፤ መግቢያ ፈተናው በዓመት አንድ ጊዜ ይሰጣል። ሞተሩ ከመፍላቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አባቴ በአሮጊቷ ሊያደርሳት ወጥቶ፣ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሞተሩ ጠፋ። እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ሲቀዘቅዝ ተነሳ፣ ትንሽ ሄዶ እንደገና ጠፋ። በመጨረሻ ስንደርስ የፈተናው በር ተዘግቷል።

ይህን ቀን እኔ የማስታውሰው በጣም ጥሩ ቀን ሆኖ ነው። ሣር ላይ ተቀምጠን ለምሳ የተያዘውን ዳቦና እንቁላል ቁርስ አደረግነው። የሚዘል ፌንጣ ያዝኩ። እናቴ በጀርባዋ ተንጋልላ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ተኛች፤ ፀሐይ ስለሆነ ነው ብዬ ፌንጣውን ላሳያት እየጎተትኩ አስቸገርኳት።

ፀሐይ አልነበረም። ደመና ነበር።

በተከታዩ ዓመት ፈተናው ሲቃረብ ቤታችን ውስጥ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ማውራት ጀመረ። አንድ ማታ ከኮሪደሩ ሆኜ እሰማለሁ።

“እኔ ከዋዜማው በአውቶቡስ ልሂድ” አለች እናቴ።

“እኔ አደርስሻለሁ አልኩ’ኮ።”

“አምናም አደርስሻለሁ ብለኸኝ ነበር።”

“ዘንድሮ ሌላ ነው።”

“ምኑ ነው ሌላ? መኪናዋ ያው፣ ዳገቱ ያው፣ አንተም ያው ነህ። ስማኝ፤ ዘንድሮ ካመለጠኝ በቃ ነው። በሚመጣው ዓመት ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም፤ አይመዘግቡኝም።”

“ገብቶኛል።”

“ከገባህ ለምን ታስቸግረኛለህ?”

“አንቺን አውቶቡስ ላይ አሳፍሬ፣ መኪና ያለው ሰው ነኝ ብዬ ሰፈር ውስጥ ልሂድ?”

እናቴ ብርጭቆዎቹን ስትሰበስብ ሰማሁ። ከዚያ “እሺ” አለች። ያ እሺ ምን ያህል ከባድ እንደነበር አሁን ይገባኛል፤ ያኔ የሰማሁት “ካመለጠኝ በቃ ነው” የሚለውን ብቻ ነው። እንዲያመልጣት ተመኘሁ።

በዚያው ሳምንት አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ መጣች። ትምህርቱ አንድ ዓመት ስለሆነ፣ እናቴ ስትሄድ እኔን የምትይዘኝ እሷ ናት ተባለ። እናቴ በየወሩ እንደምትመጣ ተነግሮኛል። አላመንኩም፤ ምክንያቱም አክስቴ ከሻንጣዋ ጋር የግድግዳ ሰዓቷን ይዛ መጥታለች። ትመለሳለች የምትባል እናትን የሚተካ ሰው የግድግዳ ሰዓት ይዞ አይመጣም። ሰዓቱን ራሷ ምስማር መትታ ሳሎን ሰቀለችው። ምስማሩን ሳይ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

አክስቴ ቀልድ ታበዛለች። እራት ላይ፣ “ያንን ዳገት የወጣች ሴት መውረጃው ይጠፋታል ይባላል፤ ወንድሜ ተጠንቀቅ!” ብላ በሳቅ ፈረሰች። እናቴም ሳቀች። አባቴ ግን አልሳቀም። ጉንጩን በእጁ ይዞ ሳህኑን አተኩሮ ያይ ነበር። ልቡ እንደተሰበረ አወቅኩ።

ያን ሳምንት ጥርሱን ያመው ነበር። ይህን የነገረኝ ባለፈው ዓመት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ተረኛ ሆና ክሊኒክ ዋለች። አባቴ ወዲያው የመኪናዋን ኮፈን ከፈተ፤ ጎረቤታችን መካኒኩም በአጥሩ በኩል ዘሎ መጣ። መካኒኩን ሰፈሩ በሙሉ “ቀስ በል” ነው የሚለው፤ ለሚጠይቀው ሁሉ መልስ የሚጀምረው “ቀስ በል” ብሎ ስለሆነ። እኔ እንደ ወትሮዬ የኋላ ወንበር ላይ ተኝቼ ጉድጓዴን እቆፍር ነበር። ኮፈኑ መስታወቱን ስለጋረደው አላዩኝም። ድምፃቸውን ግን ጥርት አድርጌ እሰማለሁ።

“ቀስ በል፣ ላስረዳህ” አለ ቀስ በል። “ይቺ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችው ማኒፎልድ ናት። ቤንዚኑና አየሩ ተቀላቅለው ወደ ሞተር የሚገቡት በሷ ነው። ሠሪዎቹ ደግሞ የሞተሩን ሙቅ ውሃ በሆዷ ውስጥ አሳልፈውታል። ለምን? ብርድ አገር ላለ ሰው ቤንዚኑን ሞቅ ያደርግለታል። አንተ ግን ዳገት ነው የምትወጣው።”

“እና ቤንዚኑ ይፈላል።”

“ይፈላል! የፈላ ቤንዚን ደግሞ ተን ነው፤ ሞተሩ ተን አይጠጣም። አምና ያቆማችሁ ይኸው ነው። ስለዚህ ውሃው ወደዚህ እንዳይመጣ መደፈን ነው።”

“ድፈነው በለኝ። አንዲት ጠብታ አታልፍም።”

“ለእትዬ ነግረሃታል?”

“ዝም በል! እሷ እንዳትሰማ። ከሰማች አለቀልኝ፤ ዛሬውኑ ነው የምትሄደው።”

አባቴ እናቴን ሊያስቀር ነው! እሷ ሳታውቅ፣ አንዲት ጠብታ ሳያልፍ! በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ አባቴን አድንቄው አላውቅም።

“ዛሬውኑ የምትሄደው” በአውቶቡስ ነው። ፈተናው ሰኞ ሆኖ ሞተሩ ቅዳሜ እንደተፈታ ብትሰማ፣ ቦርሳዋን አንስታ የመጨረሻውን አውቶቡስ ትይዝ ነበር። ልክም ነበረች።

ብሎኖቹ አንድ በአንድ ተፈቱ። ማኒፎልዷ ተነስታ መሬት ላይ ስትቀመጥ ቀስ በል ቀዳዳዎቹን በካቻቢቴው ጫፍ እየነካ አሳየው፤ እኔም ቀና ብዬ በጎን መስኮት አየሁ። “ይቺንና ይቺን፣ ሁለቱን የኋለኞቹን፣ በቀጭን ቆርቆሮ ድፈን። ይቺን የፊተኛዋን ትንሿን አትንካት። ቴርሞስታቱ ሙቀት የሚደርሰው በሷ ነው። ሙቀት ካልደረሰው አይከፈትም፤ ካልተከፈተ ውሃው ወደ ማቀዝቀዣው፣ ወደ ራዲያተር አይሄድም።”

“እሺ” አለ አባቴ፣ ጉንጩን እንደያዘ።

በዚህ መሃል ከአጥሩ ማዶ የቀስ በል ሚስት ጮኸች፤ ጋራዡ ውስጥ ሰው እየጠበቀው ነው። “ቀስ በል፣ መጣሁ!” ብሎ ሄደ።

አባቴ ቆርቆሮ ፍለጋ ዞር ሲል ተያየን። እኔ የአዝራሮቼን የብስኩት ቆርቆሮ ታቅፌ መስኮቱ ላይ ተለጥፌአለሁ። ቆርቆሮውን አየ። እኔን አየ።

“ምን ሰማሽ?”

“ሁሉንም።”

“ለእማዬ ትናገሪያለሽ?”

“ብሞት አልናገርም” አልኩና፣ ሳይጠይቀኝ አዝራሮቼን ባርኔጣው ውስጥ ገልብጬ ቆርቆሮውን ሰጠሁት። ክዳኑ ላይ ቀይ አበባ የታቀፈች ልጅ ተሥላ ነበር። አባቴ ግራ ተጋብቶ አየኝ፤ ይህን ያህል ደግ ልጅ መሆኔን አያውቅም ነበር።

በመቀስ ቆረጠ። የልጅቷ ፊት አንደኛውን የኋላ ቀዳዳ ደፈነ፣ አበባው ሌላኛውን። ሥራው እንደሁልጊዜው ፅድት ያለ ነበር፤ ጠርዙን በድንጋይ ሞርዶ፣ በጣቱ ዳብሶ ነው። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ የፊተኛዋን ትንሿን ቀዳዳ ማየት ጀመረ። ተነስቶ እጁን ታጠበ። ተመልሶ መጣና እንደገና አያት።

“አባዬ፣ እሷንስ?”

“ተዋት ብሎኛል።”

“ለምን?”

አሰበ። “መካኒክ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይተዋል” አለ በመጨረሻ። “ተመልሰሽ እንድትመጪለት።” ደግሞም አያት። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ጭንቀት መሰለኝ፤ እናቴን የማጣት ጭንቀት። አሁን ሳስበው፣ ሰው ቤት ሆኖ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ሲሰማ የሚያሳየው ፊት ነበር። ክፍት ቀዳዳ ትቶ ማደር አልቻለም። ከልጅቷ ቀሚስ ላይ ክብ ነገር ቆረጠና ሦስተኛዋንም ደፈናት።

ገጣጥሞ ሲያበቃ ሞተሩን አስነሳ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የሙቀት ቀስት ድሮ ገና ከግቢ ሳንወጣ መነሳት ትጀምር ነበር። አሁን ታችኛው ጫፍ ላይ ተጋድማ ንቅንቅ አላለችም። አባቴ አክስቴን ጠርቶ አሳያት።

“ተበላሽታ እንዳይሆን” አለች አክስቴ።

“የተበላሸ ነገር ይጨምራል እንጂ መቼ ይቀንሳል?”

“የኔ ሰዓትም ሲቆም አይጨምርም።”

“ሂጂ ወደዚያ!”

እሑድ ጠዋት ቀስ በል በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ “እንዴት ሆነች?” አለ።

“ቀስቷ ከቀዝቃዛው ፍንክች አትልም!” አለ አባቴ እየተንጠራራ።

“ጭራሽ ፍንክች አትልም?” ቀስ በል ፊቱን አጨማደደ። “ቀስ በል... ትንሿን ትተሃታል አይደል?”

እናቴ በዚህ ቅጽበት ልብስ ልታሰጣ ከቤት ወጣች። አባቴ እንደታነቀ ሰው ሳለና፣ “አዎ አዎ፣ ትንሿ ድመት ደህና ናት!” አለ። ድመት የለንም። ቀስ በል እናቴን አየ፣ አባቴን አየ፣ ነገሩ ምስጢር እንደሆነ ትዝ ሲለው አንገቱን መለሰ።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ መምህር ስለ መለኪያዎች ሲያስተምረን፣ “ቴርሞሜትር የሚነግራችሁ የተተከለበትን ቦታ ሙቀት ብቻ ነው” አለ። ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀኝ፤ ለማስረዳት ስሞክር ከክፍል አስወጣኝ። የአሮጊቷ መለኪያ የተተከለው ከፊተኛዋ ቀዳዳ በላይ ማኒፎልዷ ውስጥ ነው። እዚያ የቀረው ውሃ ዘወር የማይል፣ የተረሳ ውሃ ነበር። ቀስቷ አልዋሸችም፤ ስለሌላ ነገር ነው የምታወራው።

ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ተነሳን። እናቴ ነጭ ሸሚዟን ለብሳ፣ እርሳሶቿን በመሀረብ ጠቅልላ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋለች። እኔ ቤት እንድቀር ታስቦ ነበር፤ አልቅሼ መጣሁ። የአባቴን ድል በዓይኔ ማየት አለብኝ። አባቴ ዞሮ በሩን ዘጋላት። አክስቴ ደጅ ላይ ቆማ፣ “አሮጊቷ፣ አታሳፍሪኝ፣ የአንድ ዘመን ልጆች ነን!” አለች።

ሜዳውን በጠዋቱ ብርድ ተንሳፈፍን። ዳገቱ ተጀመረ። “ቀስቷን እያት!” ይላል አባቴ በየኩርባው። “ቀዝቃዛ! እንደ በረዶ!” እናቴ አላየቻትም፤ የምታየው መንገዱን ነው። አንደኛውን ኩርባ አለፍን። ሁለተኛውን አለፍን። ሦስተኛው ላይ፣ ያ ሣር ጋ ስንደርስ፣ እናቴ የበሩን እጀታ ጨበጠች። አንገቷ ላይ ያለ ሥር ሲመታ ከኋላ ይታየኛል።

አለፍነው።

አባቴ መዝፈን ጀመረ። ድምፁ መጥፎ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ጥርሱም ነበረበት። እናቴ ወደኋላ ዞራ ስትስቅልኝ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እኔ ግን ደነገጥኩ። ምን እየሠራ ነው? ምነው አላቆማትም? የቆርቆሮዬ ልጅ ፊት በከንቱ ተቆረጠ?

አራተኛው ኩርባ ላይ የተቃጠለ ቀለም ሸተተኝ። አምስተኛው ላይ ከኮፈኑ ሥር ሰው በመዶሻ የሚያንኳኳ መሰለ። ከዚያ ነጭ እንፋሎት በሁሉም ቀዳዳ፣ ባልተደፈነው ሁሉ፣ ቡልቅ ብሎ ወጣና አሮጊቷ ተንፈቅፍቃ ቆመች።

ፉጨት ብቻ ይሰማል።

አባቴ መሪውን እንደያዘ፣ “ቀስቷ’ኮ ቀዝቃዛ ነው የምትለው” አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር።

“ምን ሠራሃት?” አለች እናቴ።

“ምንም።”

“ምን ሠራሃት?”

“ቅዳሜ ትንሽ ከፍተን...”

“ቅዳሜ? ሰኞ ፈተና እያለብኝ ቅዳሜ ሞተር ከፈትክ?”

እኔ ደስታዬን መያዝ አልቻልኩም። ምስጢሩ አሁን ተፈጽሟል፤ መደበቁ ምን ያደርጋል? ከወንበሬ ተነስቼ በሁለቱ መሃል አንገቴን ብቅ አደረግኩና፣ “አባዬ ነው የደፈነው! እንዳትሄጂ ብሎ! ‘እሷ እንዳትሰማ’ ብሏል፤ እኔም ቆርቆሮዬን ሰጠሁት!” አልኩ።

እናቴ ወደ አባቴ ዞረች። እንደዚያ አይታው አታውቅም። አልተቆጣችም፤ አንድን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የምታይ ነበር የምትመስለው። አባቴ መሪውን ለቀቀ። “እኔ?” አለ። “እኔ እንዳትሄጂ?” እኔን አየ፤ እሷን አየ፤ ቀስቷን አየ። ከዚያ በሩን በርግዶ ወጥቶ ሮጠ።

ከታች የጭነት መኪና እያጓራ ይመጣ ነበር። በላዩ የስፖንጅ ፍራሽ እንደ ተራራ ተከምሯል። አባቴ መንገዱ መሃል ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ። መኪናው ጥሩምባውን ነፋ፤ አባቴ ፍንክች አላለም። ደግሞ ነፋ። ጎማው ሲጮህ እናቴ “ወይኔ ሰውዬው!” ብላ ፊቷን ሸፈነች። መኪናው የአባቴ ደረት ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቆመ።

“አብደሃል እንዴ ጋሼ? መሞት ካማረህ ገደሉ እዚያ ነው!” አለ ሹፌሩ በመስኮት ወጥቶ።

“ሚስቴን ከተማ አድርስልኝ! ፈተና አላት!”

“ፈተናስ ያለብህ አንተ ነህ! ጋቢናው ሞልቷል፤ ረዳቴና ወንድሙ አሉ።”

“ረዳትህ ፍራሹ ላይ ይውጣ፤ እስከ ዛሬ እንደዚያ የተመቸ ቦታ ተቀምጦ አያውቅም! ለነርስ ነው የምልህ፤ ለአዋላጅ ነው! ሚስት የለህም?”

“አለችኝ።”

“አትወልድም?”

ሹፌሩ ይህን አሰበበት። ረዳቱን በክርኑ ጎሰም አደረገው።

(ያሰበበት ለከንቱ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በኋላ የሚስቱን መንታዎች ያዋለደችው እናቴ ናት።)

ያኔ እኔ ያየሁት ግን አባቴ ሲሸነፍ ነው። ያን ሁሉ ደክሞ ደፍኖ፣ በመጨረሻ በገዛ እጁ መኪና አስቁሞ አሳልፎ ሰጣት። ጉድጓዴ ውስጥ ጣቴን ከትቼ ማልቀስ ጀመርኩ።

አባቴ እያለከለከ ተመልሶ በመሪው በኩል በተከፈተው በር ጎንበስ አለ። ፊቱ በላብና በጥላሸት ተዥጎርጉሯል። “ሁለቱን ብቻ ነበር መድፈን ያለብኝ” አለ። “ሦስቱንም ደፈንኳቸው። ቀስ በል ትንሿን ተዋት ብሎኝ ነበር፤ ግን ክፍት ሆና... ማለፍ አቃተኝ።”

እናቴ አየችው። ልታለቅስ ነው ስል፣ ሳቋ አመለጣት፤ ቦርሳዋ ላይ ተደፍታ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። “የቧንቧ ሠራተኛ ማግባቴን እኔው ረሳሁት” አለች።

የፍራሹ መኪና ጥሩምባውን ነፋ።

ቀና አለች። ፀጉሯን በመስታወቱ አስተካከለች፣ እርሳሶቿን ዳበሰች፣ ከዚያ ወደኋላ ዞራ በመሀረቧ አፍንጫዬን ጠረገችኝና፣ “ማታ እመለሳለሁ። አባትሽን ጠብቂልኝ” አለች። “እስክመጣ ምንም ነገር እንዳይደፍን።”

አባቴ እንደ ልማዱ በሩን ሊዘጋላት በመኪናዋ አፍንጫ፣ በእንፋሎቱ መሃል ዞሮ እየመጣ ነበር። አልጠበቀችውም። ወረደች፣ በሩን ትንሽ ወደ ላይ አነሳች፣ በጉልበቷ ገፋችና ዘጋችው።